«ነክተሃል» ካሉህ በኋላ፦ የስላሎም ቀዛፊ ስለ ቅጣቱ ከዳኛ የሚጠቅም መልስ የሚያገኝበት መንገድ

ጎርጎራ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ። ጣና ገና አልተነሣም። ከአንዱ ባሕር ዛፍ ወደ ሌላው በተዘረጋ ገመድ ላይ ስምንት በር፣ የስላሎም ቀዛፊ በሰዓት እየተሽቀዳደመ የሚያልፍባቸው ጥንድ ጥንድ ዘንጎች፣ ተንጠልጥሏል። አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ከካያኩ፣ ከጠባቧ ጀልባው፣ ወርዶ፣ ውሃው ከክርኑ እየተንጠባጠበ፣ እኔ ለዳኝነት ወደተቀመጥኩበት ድንጋይ መጣ።

«ጋሼ፣ አምስተኛው በር ላይ ሁለት ሰከንድ ቅጣት ሰጥተውኛል። አልነካሁም እኮ!»

«ነክተሃል።»

«ምኑን ነካሁ?»

«በሩን ነዋ!»

አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። በሚቀጥለው ዙር አምስተኛውን በር እንደገና ነካው። በሦስተኛውም ዙር። ማታ ወደ ጎንደር ስንመለስ መኪናው ውስጥ ወረቀቴን ገልጬ ባየው «5ኛ በር፣ 2» ከሚል በቀር የተጻፈ ነገር የለም። የቀኝ ዘንግ ይሁን የግራ፣ በመቅዘፊያው ይሁን በትከሻው፣ ሲገባ ይሁን ሲወጣ፣ እኔም ረስቼዋለሁ። ልጁ ስልሳ ኪሎ ሜትር ያህል መጥቶ፣ ሦስት ጊዜ ተቀጥቶ፣ ምንም ሳይማር ወደ ቤቱ ገባ።

የዚያን ቀን ጥፋት አብዛኛው የእኔ ነው። ይሁንና የልጁም ጥያቄ ከዚያ የተሻለ መልስ የሚያስገኝ አልነበረም። «አልነካሁም» ሲለኝ ዳኝነቴን መከላከል ጀመርኩ፤ አምስተኛው በር ላይ ያየሁትን ማስታወስ ተውኩ። ከዚያ ወዲህ ከቀዛፊዎቼ ጋር ሆነን በሙከራ ያስተካከልነውን አሠራር ነው እዚህ የማስቀምጠው። የተጻፈው ለስላሎም ነው። ለሌሎቹ የቀዘፋ ዓይነቶች የሚለየውን ወደ መጨረሻው አካባቢ በአጭሩ እነካዋለሁ።

መጀመሪያ ቅጣቱን ራሱን እወቁት

ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሣው ቀዛፊው ስለ አንድ ነገር፣ ዳኛው ስለ ሌላ ነገር ስለሚያወሩ ነው። ስለዚህ ከደንቡ እንጀምር።

በር ማለት ብዙውን ጊዜ ከላይ የተንጠለጠሉ ሁለት ዘንጎች ናቸው። አረንጓዴና ነጭ ከሆኑ ከውሃው ጋር ቁልቁል ይታለፋሉ፤ ቀይና ነጭ ከሆኑ ዞሮ ሽቅብ ነው። በዓለም አቀፍ ውድድር ከ18 እስከ 25 በር ይኖራል፣ ከእነዚህ ቢያንስ 6ቱ የሽቅብ ናቸው። በንጽሕና ያለፈ 0፣ በትክክል አልፎ ዘንግ የነካ 2 ሰከንድ፣ በሩን የሳተ 50 ሰከንድ። ቅጣቱ በቀዘፋችሁበት ሰዓት ላይ ይደመራል። የአንድን በር ዘንግ አሥር ጊዜ ብትነኩት፣ ሁለቱንም ዘንጎች ብትነኩ እንኳ፣ ያው 2 ነው። ነክታችሁም ስታችሁም ከሆነ ደግሞ 50 እንጂ 52 አይባልም።

ሁለት ሰከንድ ትንሽ የሚመስለው ካለ የቶኪዮውን ኦሊምፒክ ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የሴቶች ካያክ ፍጻሜ ጀርመናዊቷ ሪካርዳ ፉንክ በ105.50 ወርቅ፣ ስፔናዊቷ ማያለን ቾራውት በ106.63 ብር፣ አውስትራሊያዊቷ ጄሲካ ፎክስ በ106.73 ነሐስ አገኙ። ፎክስ ላይ ሁለት ንክኪ ነበረባት፣ አራት ሰከንድ። ቀንሱና እዩት፤ 102.73 ይመጣል። ውሃው ላይ ከሦስቱ ፈጣኗ እሷ ነበረች። (ከሁለት ቀን በኋላ በካኑ፣ ተንበርክከው በአንድ በኩል ብቻ ጠፍጣፋ ጫፍ ባለው መቅዘፊያ በሚቀዝፉት ውድድር፣ ወርቁን ወስዳለች። ያን ዓመት ሴቶች በካኑ ስላሎም በኦሊምፒክ ሲወዳደሩ የመጀመሪያቸው ነበር።)

«ነካ» ሲባል ሰውነት፣ መቅዘፊያ ወይም ጀልባ ዘንጉን ነካ ማለት ነው። የረጨው ውሃ ወይም ነፋስ ያወዛወዘው ዘንግ ቅጣት የለውም። የጀልባው አፍንጫ ዘንጉን ሳይነካ ከሥሩ ቢያልፍም ቅጣት አይደለም። በእኛ ልጆች ዘንድ ይኼ ሁለተኛው እንደ ጥፋት ሲቆጠር ስለኖረ፣ ጭራሽ ዳኛ ሳይጠይቃቸው «ነክቻለሁ» ብለው የሚያምኑ ነበሩ።

ሃምሳው ብዙ በር አለው፣ ቃሉ ይፈቀድልኝና። በሩን ጨርሶ መዝለል፣ በተሳሳተ አቅጣጫ ማለፍ፣ ለማለፍ እንዲመች ዘንጉን ሆን ብሎ መግፋት፣ ተገልብጦ ራስ ውሃ ውስጥ እያለ መስመሩን ማለፍ። በተለይ ደግሞ ከሁሉም የሚያጨቃጭቀው የራስ ጉዳይ ነው። ጭንቅላታችሁ በሙሉ፣ ከጀልባው ቢያንስ የተወሰነ ክፍል ጋር አብሮ፣ በሁለቱ ዘንጎች መካከል ያለውን መስመር መሻገር አለበት። ጀልባው አልፎ ግማሽ ጭንቅላት ከዘንጉ ውጪ ከቀረ ሃምሳ ነው። ቀዛፊው ወደ ዘንጉ ተጠግቶ ራሱን ዘንበል ሲያደርግ ከውስጥ ሆኖ ያለፈ ይመስለዋል፤ በመስመሩ ትይዩ የቆመው ዳኛ ግን የሚያየው ሌላ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ዳኛ ካልተጠራጠረ ብቻ ነው የሚቀጣው። ጥርጣሬ ካለ ለቀዛፊው ይፈረዳል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ 2 የጻፈ ዳኛ፣ ትክክል ይሁንም ይሳሳት፣ አንድ ነገር አይቻለሁ ብሎ ያምናል። የእናንተ ሥራ ያንን ያየውን ነገር ማውጣት ነው።

ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት፦ የዳኛውን መቀመጫ እዩ

ኮርሱን፣ በሮቹ የተዘረጉበትን መስመር፣ በእግር ስትቃኙ በሮቹን ብቻ አትዩ፤ ዳኞቹ የሚቀመጡበትን ቦታም ተመልከቱ። አንድ ዳኛ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ በላይ በር ይይዛል። ለአንዱ በር በመስመሩ ትይዩ ሲሆን ለሌላው በአግድም፣ ምናልባትም ከኋላ ያያል። በትይዩ ያለ ዳኛ ራስ መስመሩን ማለፍ አለማለፉን በደንብ ይለያል። ከላይ ወይም ከታች ሆኖ በርዝመቱ የሚያይ ደግሞ ትከሻና ዘንግ መነካካታቸውን ይለያል፣ መስመሩን ግን በግምት ነው። ይህን በማስታወሻችሁ አኑሩ፤ ኋላ «ከየት ሆነው ነው ያዩት?» ብላችሁ መጠየቅ ሳያስፈልጋችሁ የመልሱን ክብደት ትመዝኑበታላችሁ።

የቡድን መሪዎች ስብሰባ ካለ ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ ስለ ቅጣት ጥያቄ የሚቀርበው ለማን ነው፣ እስከ ስንት ሰዓት ነው፣ ከውድድሩ በኋላ የበር ዳኞችን ማነጋገር ይፈቀዳል ወይ። ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ዋናው ዳኛ በሰው ፊት «ከመጨረሻው ዙር በኋላ ይቻላል» ካለ ግን በሩ ተከፈተላችሁ ማለት ነው። ፈቃድ ያለው ጥያቄ ዳኛን አያስደነግጥም።

ከውሃ እንደወጣችሁ፦ ውጤቱን ሳታዩ ተናገሩ

እኔን ከጠየቃችሁ ይኼ ከሁሉም የሚበልጠው ደረጃ ነው፣ የሚዘለለውም ይኼው ነው።

ከጀልባው ወርዳችሁ ውጤት ሳታዩ፣ ማንም ሳያናግራችሁ፣ የስልካችሁን መቅጃ ከፍታችሁ በሩን በየተራ ተናገሩት። «አንድ ንጹሕ። ሁለት ንጹሕ። ሦስት አላውቅም፣ የጀልባው ጭራ አጠገቡ ነበር። አራት ንጹሕ። አምስት በግራ ክንዴ ነካሁ።» ለእያንዳንዱ በር ከሦስት አንዱን ነው የምትሉት፦ ነካሁ፣ አልነካሁም፣ አላውቅም። ስልክ ከሌለ ለጓደኛ ንገሩትና ይጻፍ። አንድ ደቂቃ ተኩል ቢፈጅ ነው።

ለምን? ውጤቱን ካያችሁ በኋላ ትዝታችሁ ይለወጣል። ሰሌዳው ላይ 2 ያየ ሰው ወይ «አዎ፣ ተሰምቶኝ ነበር» ይላል፣ ወይ «በፍጹም!» ይላል። ሁለቱም ከውጤቱ የመጡ ናቸው እንጂ ከወንዙ አይደሉም። ቀድማችሁ ከቀዳችሁት ግን ማመሳከሪያ አላችሁ። የተሰማችሁና የተቀጣችሁበት ከገጠመ ስለዚያ በር ዳኛ መጠየቅ አያስፈልግም፣ ሥራው ከአሠልጣኛችሁ ጋር ነው። ያልተሰማችሁ ግን የተቀጣችሁበት በር ካለ፣ ወርቃችሁ እሱ ነው። ሰውነታችሁ የማያውቀውን ነገር ዳኛው አይቶላችኋል። ጥያቄያችሁን ሁሉ እዚያ ላይ አውሉት።

ተቃራኒውም አለ፤ ነካሁ ብላችሁ ወረቀቱ ላይ 0 የተገኘ። ስለዚህ ዝም በሉ የሚል ይኖራል። እኔ የማበረታታው መመዝገቡን ነው፤ ለራሳችሁ ሥልጠና ንክኪ ንክኪ ነው።

ሁለት መንገድ አለ፣ አታደባልቋቸው

አንደኛው አቤቱታ ነው፣ ውጤቱ እንዲለወጥ የሚጠየቅበት። የጊዜ ገደቡ በደቂቃ የሚቆጠር ነው፣ የሚቀርበው በቡድን መሪ በኩል ነው፣ ብዙ ቦታ በጽሑፍና በክፍያ ነው። እዚህ ላይ ቀዛፊው ራሱ ሮጦ ዳኛ ጋር መሄድ የለበትም። ዳኛው በዓይኑ ያየውን ማስቀልበስም ቀላል ስላልሆነ፣ ግልጽ የሆነ የቁጥር ስሕተት ወይም አዘጋጁ የሚቀበለው ቪዲዮ ከሌላችሁ ጉልበታችሁን አትጨርሱ። የሌላ ቀዛፊ ቅጣት በእናንተ ስም ከተመዘገበ፣ የሰባተኛው በር ለስድስተኛው ከተጻፈ፣ ያኔ ፈጥናችሁ ለመሪያችሁ ንገሩ።

ሁለተኛው መንገድ መማሪያው ነው። ውጤቱ ጸድቆ፣ ሽልማቱ ተሰጥቶ፣ ዳኛው ኮፍያውን አውልቆ ውሃ ሲጠጣ። በዚህ ሰዓት የሚቀየር ነገር ስለሌለ ዳኛው የሚከላከለው ነገር የለም። እኔ እንደታዘብኩት፣ ውድድሩ መሐል «ነክተሃል» ከማለት ሌላ ያልተናገረ ሰው፣ ከሰዓት በኋላ ሻይ ይዞ ሲቀመጥ እጁን እያንቀሳቀሰ ጀልባውን ይስልላችኋል። በሁለቱ መንገዶች መካከል የሚዋልል ጥያቄ ግን ከሁለቱም ያጣል። ለመማር መጥቻለሁ ብሎ ጀምሮ «ታዲያ ለምን አይነሣልኝም?» ብሎ የጨረሰ ልጅ፣ ለሌሎቹም መንገዱን ይዘጋባቸዋል።

አባቶቻችን «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይላሉ። የገናው ዱላ ጌታን ያገኘው እንደሆነ ጌታ አይቆጣም። ሜዳው ላይ ያለውን ሜዳው ላይ መተው እዚህ አገር ድሮም የታወቀ ነው።

ውድድሩ እየተካሄደ ዳኛ ወዳለበት ዳርቻ አትሂዱ። ሰላም ለማለትም ቢሆን። ዓይኑ ከውሃው የተነሣ እንደሆነ የሚጎዳው የሚቀጥለው ቀዛፊ ነው፣ ያም የቡድናችሁ ልጅ ሊሆን ይችላል።

እንዴት ትጠይቃላችሁ

እኛ ጋ ያለው ችግር ድፍረት ማጣት ብቻ አይደለም፣ ይሉኝታም አለ። ልጁ ትልቅ ሰውን «ምን አዩ?» ማለት ክብር መንካት ይመስለዋል። ዳኛውም በልጁ ፊት «እርግጠኛ አይደለሁም» ማለት ያፍራል። ስለዚህ ጥያቄው ሁለቱንም ከይሉኝታ የሚያወጣ መሆን አለበት። አንቱታውን አትተዉ። ጋሼ፣ እትዬ፣ አያ፣ እንደ ሰፈሩ ልማድ። ከዚያ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውጤቱን እንደተቀበላችሁ ተናገሩ፣ በሁለተኛው አንድ በር ብቻ ጥቀሱ።

«ጋሼ፣ ውጤቱን ተቀብያለሁ፤ ለልምምድ ነው የምጠይቅዎት። ሰባተኛው፣ የሽቅቡ በር ላይ ንክኪው አልተሰማኝም ነበር። የምዞርበት የውስጠኛው ዘንግ ነው ወይስ የውጪው?»

«የውጪው።»

«ስገባ ነው ወይስ ስወጣ?»

«ስትዞር። ጭራህ ነው የወረወረው።»

አያችሁት? ሁለት አጫጭር ጥያቄዎች፣ ለሁለቱም በምርጫ የተሠራ መልስ። «ምን አጠፋሁ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ጠቅላላ ምክር ነው የሚያገኘው፦ «ተጠንቀቅ»፣ «አትቸኩል»። ዳኛ አሠልጣኝ አይደለም። ምን ማድረግ እንዳለባችሁ አትጠይቁት፣ ምን እንዳየ ጠይቁት። ማስታወስ የሚችለው ዘንጉን፣ የሰውነት ክፍሉንና ጊዜውን ነው። እነዚህን ሦስቱን አውጡ፣ ቀሪውን እናንተና አሠልጣኛችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ለሃምሳ ጥያቄው ትንሽ ይለያል። መጀመሪያ የትኛው ሃምሳ እንደሆነ ለዩ፦ ራስ ነው፣ አቅጣጫ ነው፣ ወይስ መግፋት? ራስ ከሆነ «ጭንቅላቴ ምን ያህል ነበር ውጪ የቀረው፣ ጆሮዬ ወይስ ሙሉ?» ማለት ይቻላል። መግፋት ከሆነ «ሆን ብዬ የገፋሁ ያስመሰለው ምንድን ነው፣ እጄ ነው ወይስ መቅዘፊያዬ?» በሉ። ይኼኛው ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም ዓላማችሁን ሳይሆን የታየውን ነው የሚጠይቀው። ዓላማችሁን ዳኛው አያውቀውም።

ከአንድ ዳኛ ከሁለት በር በላይ አትጠይቁ። «አላስታውስም» ካለ አመስግናችሁ ሂዱ። አላስታውስም ማለት ሐቅ ነው፤ ሠላሳ ቀዛፊ ያየ ሰው ነው። ከተጫናችሁት ግን ያላየውን ፈጥሮ ይነግራችኋል፣ እናንተም የሌለ ጥፋት ስታርሙ አንድ ወር ታባክናላችሁ።

ቪዲዮ

ስልክ ያለው ሁሉ ይቀርጻል፣ ግን ከየትም። ከጎን የተቀረጸ ቪዲዮ ትከሻና ዘንግ ሳይገናኙ ያገናኛል፣ ከኋላ የተቀረጸው ደግሞ ራስ መስመሩን ማለፉን አይለይም። ጓደኛችሁ የሚቀርጽላችሁ ከሆነ አንድ በር ምረጡ፤ ለንክኪ ከላይ ወይም ከታች በርዝመቱ፣ ለራስ ጉዳይ ደግሞ በመስመሩ ትይዩ አቁሙት፤ ሁለቱ ዘንጎች አንዱ ሌላውን ሊሸፍን ሲቃረብ ቦታው ያ ነው። ሙሉውን ኮርስ እየተከተለ ከሚቀርጽ፣ አንድ በር ላይ ተተክሎ በዝግታ ቅጂ ቢይዝ ይሻላል።

ቪዲዮውን ለዳኛው የምታሳዩት መልሱን ከሰማችሁ በኋላ ነው። ቀድማችሁ ካሳያችሁት የሚነግራችሁ ቪዲዮው ላይ ያየውን ነው፤ ያን ደግሞ እናንተም ታዩታላችሁ።

መልሱን ወደ ልምምድ መቀየር

የትምህርት ቤት ደብተር ይበቃል። በእያንዳንዱ ቅጣት ፊት አምስት ነገር፦ የበሩ ዓይነት (ቁልቁል ወይም ሽቅብ)፣ የትኛው ዘንግ፣ በምን፣ መቼ፣ ተሰምቶኝ ነበር ወይ። አሥር አሥራ አምስት ቅጣት እስኪጠራቀም አትመርምሩት። ከዚያ በኋላ ቁጭ ብላችሁ ስታዩት አብዛኛው ወደ ሁለት ወይም ሦስት ጥፋት ይሰበሰባል።

የዚያ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ደብተር ሲሞላ፣ ከአሥራ ሁለት ንክኪ ስምንቱ በሽቅብ በር፣ በውጪው ዘንግ፣ በጀልባው ጭራ ሆኖ ተገኘ። ካያክ ሲዞር አፍንጫው ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ጭራው ወደ ውጪ ይወረወራል። ሰውነቱ ከመስመሩ ሳያልፍ መዞር የጀመረ ሰው ጭራውን ዘንጉ ላይ ነው የሚጥለው። ጭራው ደግሞ ከጀርባ ስለሆነ አይታይም፣ ንክኪው ቀላል ስለሆነ አይሰማም። ለዚህ ነበር «አልነካሁም እኮ» ያለኝ፣ በሐቅ ነበር። መፍትሔው ወደ ላይ አንድ ተጨማሪ ቀዘፋ ቀዝፎ ከዚያ መዞር ሆነ። ስለዚህ ጉዳይ «ተጠንቀቅ» ብዬ ብውል ባድር ኖሮ ምን ይጠቅመው ነበር?

ሌሎችም የተለመዱ አሉ። መቅዘፊያ የሚነካ ብዙ ጊዜ ሩቅ ያለውን ምላጭ፣ የመቅዘፊያውን ጠፍጣፋ ጫፍ፣ በዘንጉ በኩል አሻግሮ ለመቅዘፍ የሚሞክር ነው፤ ከበሩ በፊት ቀዘፋውን ቆጥሮ የሚገባበትን እጅ መምረጥ አለበት። ትከሻ የሚነካ መስመሩን በጣም አጥብቦታል። በራስ ሃምሳ የሚያገኝ ብዙውን ጊዜ ዘንጉን ሳይሆን የሚቀጥለውን በር ነው የሚያየው። እነዚህን አንድ በር ላይ ሃያ ጊዜ እየተመላለሱ፣ አንድ ሰው ዳር ቆሞ የነካውን ክፍል ብቻ እየጠራ («ጭራ!»፣ «ክርን!») መለማመድ ይቻላል። ካልነካ ዝም ይላል።

ዳኛ ስትሆኑ፣ ወይም ልጆቹን ዳኛ ስታደርጉ

ቀዛፊው ምንም ያህል ቢጠይቅ ወረቀቱ ባዶ ከሆነ መልስ የለም። በትልልቅ ውድድሮች የዳኛው ቅጽ ላይ ከቁጥሩ ጎን ንክኪውን በትንሽ ሥዕል ለማስረዳት የሚሆን ቦታ አለው። እኛም ያንን ወስደን በፊደል አሳጥረነዋል፦ «መ» መቅዘፊያ፣ «ት» ትከሻ፣ «ራ» ራስ፣ «አ» የጀልባው አፍንጫ፣ «ጭ» ጭራ። ከፊት «ው» ከሆነ የውስጥ ዘንግ፣ «ጪ» ከሆነ የውጪ። «7፣ 2፣ ጪ ጭ» ብሎ ለመጻፍ ሦስት ሰከንድ አይፈጅም፤ ከሳምንት በኋላም ይነበባል።

ዘንጎቹም ያግዛሉ። በደንቡ መሠረት የሚቀቡት እያንዳንዳቸው 20 ሳንቲ ሜትር በሆኑ ቀለበቶች ነው፣ አምስት ባለቀለም አምስት ነጭ፣ የታችኛው ሁልጊዜ ነጭ። እኛ ከሸምበቆና ከፕላስቲክ የውሃ ቱቦ ሁለት ሁለት ሜትር ቆርጠን ሠርተናቸዋል፣ ከውሃው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርገን እንሰቅላቸዋለን። ቀለበቱ ለዳኛ መለኪያ ነው። ከታች የመጀመሪያው ቀለበት ላይ የነካ ብዙ ጊዜ ጀልባው ወይም መቅዘፊያው ነው፤ ሦስተኛው አራተኛው አካባቢ ከሆነ ትከሻ ወይም የራስ ቁር። «ሁለተኛው ነጭ ላይ» የሚል ዳኛ ብዙ ነገር ነግሯችኋል።

ከሁሉም የጠቀመን ግን ቀዛፊዎቹን ዳኛ ማድረጋችን ነው። ሦስት ልጆች ለአንድ በር በሦስት ቦታ ይቀመጣሉ፤ አንዱ በትይዩ፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከማዶ። ሳይነጋገሩ ይጽፋሉ። ከአሥር ቀዘፋ በኋላ ወረቀቶቹን ስናስተያይ አንድ ቀዘፋ ላይ ሁለቱ 0፣ አንዱ 2 ያሉበት ይገኛል፤ ያኔ ሳቅና ጭቅጭቅ ነው። ግን ከዚያ ቀን በኋላ ዳኛን «ውሸታም» ያለ ልጅ የለኝም። በጎንደሩ በአታ ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም ተማሪ ሲያጠፋ መምህሩ «ተሳሳትክ» ብሎ አይተወውም፣ መቋሚያው የት ላይ እንደዘገየ ያሳየዋል። ዳኛ ሆኖ ያየ ቀዛፊም የት ላይ እንደሆነ መጠየቅን ይለምዳል።

በነገራችን ላይ ጎንደር ከተማ ውስጥ ለምን አትለማመዱም የሚሉን አሉ። የፋሲል መዋኛ የሚሞላው ለጥምቀት ነው፣ ቅርስም ነው። አንገረብ የከተማው የመጠጥ ውሃ ነው። መገጭ ክረምት ላይ ደፍርሶ ሲመጣ ለጀማሪ አይሆንም። ስለዚህ ጎርጎራ፣ የተኛ ውሃ ላይ። የተኛ ውሃ ለጭራና ለመቅዘፊያ ንክኪ ልምምድ ይበቃል። እምቦጭ ያልሸፈነውን፣ ጉማሬ የማይወጣበትን ዳርቻ ከዓሣ አጥማጆችና ከታንኳ ቀዛፊዎች ጠይቃችሁ ምረጡ፣ የሕይወት ጃኬት ያላጠለቀ ልጅ ውሃ አይገባም። ነጭ ውሃ የናፈቀው ዓባይ ከጣና ሲወጣ ያገኘዋል። እ.ኤ.አ. 1972 ስላሎም በሙኒክ ኦሊምፒክ፣ ውድድሩ አውግስቡርግ ላይ ተካሂዶ፣ የገባበት ዓመት ነው፣ በዚያው ዓመት ደግሞ የብሪታንያ ካያከኞች ዓባይን ቁልቁል ቀዝፈውታል። ለእኛ ልጆች ግን ገና ነው።

ሌሎች የቀዘፋ ውድድሮች

በካያክ ክሮስ፣ በፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ የገባው፣ አራት ቀዛፊ አብረው ስለሚወርዱ ሰከንድ አይጨመርም። ጥፋት የተገኘበት ከሌሎቹ በታች ይመደባል። ስለዚህ ጥያቄው «የትኛው ጥፋት፣ የቱ ጋ?» ብቻ ነው፦ በር ዘለልኩ፣ በተወሰነው ቦታ ላይ እንደ ደንቡ ተገልብጬ አልተነሣሁም ወይስ ከመነሻው ቀደምኩ? በቀጥታ መስመር ውድድር፣ ስፕሪንት በሚባለው፣ ቅጣቱ በአብዛኛው ማስጠንቀቂያ ወይም መሰረዝ ነው። እዚያ የምትፈልጉት የተሰረዛችሁበትን ምክንያት በጽሑፍ ነው፣ በቡድን መሪያችሁ በኩል፣ ወዲያውኑ። ቀኑ ካለፈ በኋላ ማንም አያስታውሰውም።

ይዛችሁ የምትሄዱት

ደብተሩ፣ ስልኩ ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ውስጥ፣ የበሮቹ ሥዕል በአንድ ገጽ ላይ። እስክሪብቶ አትያዙ፤ እጃችሁ እርጥብ ስለሚሆን ቀለሙ ይፈስሳል። እኔ አንድ ጊዜ የስድስት ልጆች ቅጣት እንዲህ ታጥቦብኛል። እርሳስ፣ ሁለት፣ አንዱ ለዳኛው። «ይሳሉልኝ» ብላችሁ ስትሰጡት ብዙዎቹ ከመናገር ይልቅ መሣል ይቀላቸዋል፣ ሥዕሉም ደብተራችሁ ላይ ይቀራል።